ስሟ ያልተጠራ ልጄ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ወደ ወረታ መፈልፈያዎች በሚገባበት ሰሞን ነው። ብዙ ነገር ይረሳኛል። ይህን ግን አልረሳውም፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅምና። የቀናሁት በሰው ሀብት አይደለም፤ በሰው ትዳርም አይደለም። ሩቅ አገር፣ ረግጬው በማላውቀው አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ሴት ተነሥታ በጠራችው ስም ነው።

የምኖረው ወረታ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ እኔ በሩዝ መፈልፈያ ቤት ሩዝ አበጥራለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ውብአለም ትባላለች። እግዚአብሔር ከእሷ ሌላ አልሰጠኝም። በእሷ አመሰግነዋለሁ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ዘሀራ አለች። የጨርቃጨርቅ ሱቅ አላት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ እስላም ናት፤ ግን ልጆቻችን አንድ ላይ ነው ያደጉት። የእሷ ሰሚራና የእኔ ውብአለም አብረው ተማሩ፣ አብረው ተፈተኑ፣ ለሁለቱም ውጤት አልመጣላቸውም። ከዚያ ዓረብ አገር እንሂድ አሉ።

እኔ አልፈለግኩም። ግን ልጅን "አትሂጂ" ለማለት በምትኩ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ዘንድ አልነበረም። ዝም አልኩ። ወረቀቱን ከአንድ ደላላ ጋር ሆነው እነሱው ሲያመላልሱ ከረሙ። አሳዩኝ አላልኩም፣ እነሱም አላሳዩኝም። የሄደች ዕለት አንገቷ ላይ አዲስ ማዕተብ አሰርኩላትና ሸኘኋት።

ሁለት ዓመት ያህል በሰው ቤት ሠሩ። ከዚያ ሰሚራ አሠሪዎቿ ቢከፉባት ጥላ ወጣች። ልጄም ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙና ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ወደሚታጎሩበት ማቆያ ገቡ። ይህን ያወቅነው ሰሚራ ከሰው ስልክ ተበድራ ለእናቷ ስለ ደወለች ነው። "አንድ ላይ ነን። በጣም ብዙ ነን። በጀርባ ለመተኛት ቦታ የለም፤ በጎናችን ነው የምንተኛው" አለቻት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ወራት አለፉ፤ ማንም አልደወለም።

ዘሀራ አውሮፓ የሚኖር ወንድም አላት። እሱ አንድ ነገር ነገራት። እዚያ የብዙ አገር እንደራሴዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ምክር ቤት አለ። በየጊዜው በሌላ አገር ግፍ ስለሚደርስባቸው ሰዎች ይከራከራሉ። የታሰረ ሰው ስም እዚያ ከተጠራ፣ አሳሪው አገር ያን ሰው እንደ ሌላው ሊረሳው አይችልም። ወንድሟና ጓደኞቹ ስለ ሴቶቻችን ጉዳይ አንዲት እንደራሴ አነጋግረው ነበር። "ስም ስጡኝ" አላት ዘሀራን።

ዘሀራ መጥታ ነገረችኝ።

"ስማቸውን ልኬለታለሁ" አለችኝ።

"የሁለቱንም?"

"ኧረ አንች ሴትዮ! ያንችን ትቼ የእኔን ብቻ ልልክ ኖሯል?"

ትከሻዋን ሳምኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ የዘሀራን ወንድም ጨመርኩ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ወንድሟ በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረው፤ የሚባለውን እየሰማ ሊተረጉምልን ነው። ዘሀራ ስልኳን ባንኮኒው ላይ በጥቅል ጨርቅ አስደግፋ አቆመችው። የሰፈር ሴቶች ሱቁን ሞሉት። ከእኔ ጋር ሩዝ የምታበጥረው የሺም ሳትጠራ መጥታ ከፊት ተቀመጠች።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያህላል። ወንበሩ ግን አብዛኛው ባዶ ነው።

"ሰው የታል?" አለች የሺ። "ይሄ ነው እንዴ ያን ያህል የተወራለት?"

"ሐሙስ ከሰዓት ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል" አለ የዘሀራ ወንድም ከስልኩ ውስጥ።

"ለገበያ ይሆናላ!" አለች የሺ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ባዶውን ወንበር እቆጥር ነበር።

የእኛ ጉዳይ ወዲያው አልደረሰም። መጀመሪያ የሌላ አገር እስረኞች ጉዳይ ተነሣ። እንደራሴዎቹ በየተራ እየተነሡ ይናገራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ጊዜ ደቂቃ ያህል ነው። ሲያልፍ ሰብሳቢው መዶሻውን ይመታል። የማናውቀው አገር፣ የማናውቀው ስም ተጠራ።

"የእነሱም እናቶች ይሄኔ እንደኛ ስልክ ላይ ተጥደው ይሆናል" አለች ዘሀራ።

 ስሞቹን እስከ መጨረሻው ሰማን።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። መጀመሪያ የተነሣው ቀይ ክራቫት ያሰረ ወንድ ነበር። የዘሀራ ወንድም ተረጎመው። "ከዚያ አገር ነዳጅ እንገዛለን፣ ንግድ አለን፤ በሰው ቤት ጉዳይ እየገባን ማስተማር እስከ መቼ ነው? እያለ ነው።"

"ምላሱን ይቁረጠው!" አለች የሺ።

"ተይ አትርገሚ፣ የሚሰማሽ መሰለሽ?" አለቻት ዘሀራ።

"ባይሰማም ይድረሰው!"

ቀጥላ አጭር ሽበታም ፀጉር ያላት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ተነሣች። የዘሀራ ወንድም "ይቺ ናት" ሲል ሱቁ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ወረቀት አልያዘችም። በጎን ስለሚተኙት ሴቶች ተናገረች። ሰሚራ በስልክ ያለችው ቃል ነው፤ እዚያ ድረስ ሄዷል። ከዚያ የዘሀራ ወንድም ድምፅ ተለወጠ።

"ስም ልትጠራ ነው" አለ።

"ሰሚራ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከወረታ ከተማ" አለች ሴትዮዋ።

ወረታ ስትል እኛም ሳይተረጎም ሰማነው። ሱቁ እልል አለ።

"ሀያት፤ ከዚያው አካባቢ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች" አለች።

የእኔ ሦስተኛ ናት ብዬ ጠበቅኩ። መዶሻው ተመታ። ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ መልሳ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ተነሣ፤ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ዘሀራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ተጠሩ! አልሐምዱሊላህ፣ ተጠሩ!" እያለች ታለቅሳለች። እንባዋ አንገቴን አራሰው። እጇን ቀስ ብዬ ከላዬ አነሣሁና "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በኋላ እጅ አውጥተው ውሳኔውን እንዳጸደቁት ሰማሁ። ለእኔ ምኔም አልነበረም።

ሀያትን አውቃታለሁ። የዘሀራ ባል የወንድሙ ልጅ ናት፤ ሐሙሲት ነው ቤታቸው። ልጅ ሆና እዚህ ትመላለስ ነበር። እሷም ሄዳ ኖሯል አልኩ በልቤ። ዘሀራ የሁለቱን ስም ልኬያለሁ ያለችኝ የራሷን ልጅና የባሏን ወገን ነው አልኩ። የእኔ ልጅ ቦታ ለሥጋ ዘመድ ተሰጠ አልኩ። ዘመድ ዘመዱን ቢያስቀድም ምን ይደንቃል? ግን ትከሻዋን ስሜያታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰሞን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ቅናት ሕመም ነው ሲባል እሰማ ነበር። እውነት ነው። እህል አያስበላም።

ከተማው ሁሉ ስለ ሰሚራ ያወራል። ዘሀራ በመንገድ ስታልፍ ሰው ከሱቁ እየወጣ "ልጅሽ ስሟ አውሮፓ ተሰማ" ይላታል። እንደ ተፈታች ይቆጥሩታል። እኔ ከኋላ ስመጣ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። የሰው ማዘን ደግሞ ከቅናቱ ይብሳል።

በመፈልፈያው ቤት የሺ አላስቀምጥ አለችኝ።

"ያንችን ምን ብለው ዘለሏት?" ትለኛለች ሩዙን እያነፈሰች።

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ሁለት ከጠሩ ሦስት መጥራት ምን ያቅታቸዋል? አፍ ነው፣ አይከብድ!"

"ጊዜው አልቆ ነው።"

"ጊዜው በሀያት ላይ አለቀ በይኛ።"

የሺ ክፉ አይደለችም። አፏ ነው። ግን ያለችው ነገር እኔም ቀኑን ሙሉ የማስበው ነበር። ደቂቃዋ በሀያት ስም አለቀች። ሀያት ባትኖር ኖሮ የእኔ ልጅ ትጠራ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ያቺ ሀያት የተባለችው ልጅ ስሟ በቀረና የእኔ በተተካ ብዬ ተመኝቻለሁ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሜ ሳይቀር።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ቅዳሴ ቆሜ ልቤ አይቆምም። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

"አባ፣ ቅናት ይዞኛል" አልኳቸው።

"በማን ላይ ነው ልጄ?"

"በዘሀራ።"

"ልጇ ተፈታች እንዴ?"

"አልተፈታችም። ስሟ ተጠራ።"

"የአንችን ልጅ በክርስትና ስሟ በየቅዳሴው አስባታለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ጉባኤ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም አባ።"

እንደሌለ ዱሮም አውቃለሁ። ግን እግዚአብሔር የሚያውቃትን ልጅ ሰዎቹም እንዲያውቋት ፈለግኩ። የበሩ ቁልፍ ያለው እነሱ እጅ ነው። ይህን ግን ለእርሳቸው አልተናገርኩም። ስግደት ሰጡኝና "ዘሀራንም ሰላም በያት" አሉኝ። ስግደቱን ፈጸምኩ። ሰላም ማለቱ ከበደኝ።

ዘሀራ ራሷ መጣች። ቆሎ በሰፌድ ይዛ፣ ጾም ስለሆነ ቅቤ ሳይነካው ቆልታ። በሬ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት።

"ቀረሽብኝ" አለች።

"ሥራ በዛ።"

"ሥራ መቼ ከልክሎሽ ያውቃል?"

ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳት። "ስሟን ልከሽው ነበር?"

"ወላሂ ልኬዋለሁ።"

"ለምን አልተጠራችም?"

አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሰፌዱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ልጅሽ ከሰሚራ ጋር ናት" አለች። "ለሰሚራ የሆነው ሁሉ ለእሷም ይሆናል። ይቺን ብቻ እመኝኝ።"

አላመንኳትም። በፈጣሪ ስም በሐሰት ማለች ብዬ የበለጠ ሸሸኋት። በሬን ስከፍት የእሷ በር ክፍት ከሆነ እስክትገባ እጠብቅ ነበር። ቆሎውን ለየሺ ሰጠኋት። "ጨው አንሶታል" ብላ በላችው።

ጥምቀት እንዳለፈ ሐሙሲት ለለቅሶ ሄድኩ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ መኪና ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ስመጣ ውኃ ጠማኝና አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባንኮኒው ውስጥ አንዲት ወጣት ስኳር ትመዝናለች። አየኋት፤ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ሀያት ነሽ?"

ቀና አለች። "አዎ እማማ! የውብአለም እናት አይደሉም እንዴ? ጤና ይስጥልኝ፣ ይቀመጡ እንጂ።"

"መቼ መጣሽ ልጄ?"

"ከየት?"

"ከዓረብ አገር ነዋ።"

ሳቀች። "እኔ? ከባሕር ዳር ወዲያ እንኳ መች ሄጄ አውቄ!"

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው ስኳሩን እንደገና መመዘን ጀመረች፤ የመዘነችውን መልሳ ትመዝናለች። ውኃውን ሰጠችኝ፤ ዋጋውን አልቀበልም አለች።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን አልደርስ አለኝ። ሱቋ ተቀምጣ ስኳር የምትመዝን ልጅ፣ ማንም ያልነካት፣ እናቷ ጋር የምታድር፣ የእሷ ስም ታስራለች ተብሎ አውሮፓ ድረስ ተጠራ። የእኔ በጎኗ የምትተኛዋ ቀረች። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ አልገባኝም። አንዱን ዘመድ ወደ ውጭ ለማውጣት የተሠራ ዘዴ መሰለኝ።

ከመኪና ወርጄ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ቀጥ ብዬ ዘሀራ ሱቅ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው የደንብ ልብስ ጨርቅ ያስለካሉ።

"ሀያትን አየኋት" አልኩ። "ሐሙሲት። ስኳር ትመዝናለች።"

ዘሀራ መቀሱን አስቀመጠች። "አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ ይመለሱልኝ" አለቻቸው። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ወጡ። ዘሀራ በጠራራ ፀሐይ የሱቋን በር ከውስጥ ዘጋች። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ትከሻዋን መሳሜን ሳይቀር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"እንግዲህ መሐላዬን ላፈርስ ነው። አላህ ይይልኝ፣ እጾማለሁ።"

ስልኳን አወጣች። ከፍታ ሰጠችኝ። የሁለት ልጆች ፎቶ ነው። አንዷ ሰሚራ ናት፤ ከስታለች። ሌላዋ ጥቁር ሒጃብ አጥልቃለች። ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ለማየት ጊዜ አልፈጀብኝም። የወለድኩት ፊት ነው።

"ሀያት ይቺ ናት" አለች ዘሀራ።

መቀመጫ ሰጠችኝ። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ደላላው ያገኘላቸው አሠሪዎች እስላም ሠራተኛ ነው የሚፈልጉት። "በክርስቲያን ስም ከሆነ ትቀሪያለሽ" አላት ልጄን። እሷ ከሰሚራ ተለይታ መቅረት አልፈለገችም። የሐሙሲቷን ሀያት ለመኗት፤ በእሷ ስም ወረቀት ወጣ። ውብአለም ሀያት ሆና ሄደች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ይኸው ነው፤ ማቆያው መዝገብ ላይ ያለውም ይኸው ነው። በውብአለም ስም ብትጠራ ማንም ሊያገኛት አይችልም ነበር።

ከምክር ቤቱ ስብሰባ በኋላ የሚመለከታቸው ሰዎች ማቆያው ድረስ ሄደው "ሰሚራና ሀያት የታሉ?" ብለው አስጠርተዋቸዋል። ፎቶውን ያነሧቸው እነሱ ናቸው። ለዘሀራ የደረሳት እኔ ሐሙሲት በሄድኩበት ሳምንት ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አስምላኝ ነው የሄደች። ቁርኣን አስይዛ! 'እናቴ ስሜን እንደቀየርኩ ከሰማች ትሞታለች' አለችኝ። እኔማ ያን ቀን ስማቸው ሲጠራ ደስታው አሳበደኝና አንች አለማወቅሽን ረሳሁት። በኋላ ነው ፊትሽ ትዝ ያለኝ። ቆሎ ይዤ የመጣሁት ልነግርሽ ነበር። ምላሴ ታሰረ።"

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ደስ አለኝ። ልጄ በሕይወት አለች። ቀጥሎ አንገቷን ለማየት ሞከርኩ፤ በሒጃቡ ተሸፍኗል። ማዕተቧ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰሞን ትዝ አለኝ። ባትጠራ ብዬ በሥዕል ፊት የተመኘሁት በገዛ ልጄ ላይ ነበር። እግዚአብሔር የማልፈልገውን እየለመንኩት አልሰማኝም። ባለመስማቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ተያይዘን አለቀስን። ዘሀራ ሱቁን ስትከፍት የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ተጣላችሁ ሲሉኝ ላስታርቅ መጥቼ" አለች። ፊቷ ላይ ግን ማስታረቅ አይነበብም ነበር።

ልጆቹ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። የተፈቱት በዚያ ስብሰባ ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም። አብረዋቸው ከነበሩት ስማቸው ያልተጠራም የመጡ አሉ፤ ያልመጡም አሉ። የእነዚያን እናቶች አስባቸዋለሁ። ያቺን ሽበታም ሴት ደግሞ ስሟን ስለማላውቅ "መነጽር ያላት" እያልኩ በጸሎቴ አነሣታለሁ።

እኔና ዘሀራ መናኸሪያ ጠበቅናቸው። አውቶቡሱ ገባ። መጀመሪያ ሰሚራ ወረደች። ከዚያ የእኔ ልጅ። ፀጉሯ ተገልጧል፤ አንገቷ ባዶ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

እሷ ግን መጀመሪያ የተጠመጠመችው ዘሀራ ላይ ነው። በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ዘሀራም አናቷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ መጥታ እግሬ ላይ የወደቀችው። አነሣኋት፣ አቀፍኳት፣ አምላኬን አመሰገንኩ። ግን አየሁት። ማን ቀድሞ እንደታቀፈ አየሁት።

የንስሐ አባቴ መጥተው ጸለዩላት፤ ማዕተቧንም መልሰው አሰሩላት። ስለ ስሟ አልተቆጧትም። "አቤት ስትይ የነበረው በማን ስም እንደሆነ እርሱ ያውቃል" አሏት።

ከሰነበተች በኋላ የሚያብሰለስለኝን ጠየቅኳት። ለዘሀራ የተነገረ ነገር ለእኔ ለምን ተደበቀ?

"አንች ስታዝኝ ዝም ትያለሽ እማ" አለችኝ። "ዝምታሽን እፈራዋለሁ። ሳምንት ይቆያል። እትዬ ዘሀራ ግን ትጮህብኛለች፣ 'አንች ደደብ' ትለኛለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። ከዚያ እናወራለን።"

ዝም ልል ስል ራሴን ያዝኩት።

አሁን ውብአለም ከእኔ ጋር ናት፤ ከሰሚራ ጋር ሆነው የልብስ ስፌት ጀምረዋል። ጤናዋ ተመልሷል። ለዚህ ቃል የለኝም። ቅናቱ ግን ለቆኛል ብዬ አልዋሽም። ያ የአዳራሹ ቅናት ጠፍቷል፤ ሌላው አለ። መንገዱን ተሻግራ ዘሀራ ሱቅ ስትገባ ከበሬ ሆኜ አያታለሁ። ሳቃቸው ይሰማኛል። የሚሉት አይሰማኝም። ዘሀራን እወዳታለሁ፤ ስለ እሷ እጸልያለሁ፤ ልጄን ያስጠራችልኝ እሷ ናት። ቢሆንም ያን ሳቅ ስሰማ ዛሬም እቀናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሩዝ ሳበጥር ውብአለም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ አትዘኝብኝ" አለችኝ። ፊቴ ሊዘጋ ሲል ታወቀኝ። ሰፌዱን መሬት ላይ ጣል አደረግኩና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩባት። "አንች ደደብ! ደግሞ ምን አደረግሽ?"

የሺ ደንግጣ ዞረች። ውብአለም አፏን ይዛ አየችኝ። ከዚያ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ጠጋ አለችና ነገረችኝ።

ምን እንደነገረችኝ እዚህ አልጽፈውም። ዘሀራ ገና አልሰማችም።